ከእንሰት ጓሮ እስከ ኪራይ ግቢ፤ የአንድ ወጣት ቤተሰብ ጨምበላላ በሐዋሳ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሐዋሳ ከተማ በሰፋፊ ጎዳናዎቿ፣ በሐይቋ ዳር በሚገኙት ዋርካዎቿና በአሞራ ገደል ዓሣዋ በአገር የታወቀች ናት። ለዕረፍት መጥቶ ለሚመለስ እንግዳ ግን እምብዛም የማይታየው በየውስጥ ለውስጡ መንደርና በየኪራይ ግቢው ያለው ኑሮ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ፊቼ በሚሆንበት ምሽት፣ ከእነዚህ ግቢዎች የሚወጣው የተነጠረ ቅቤና የቆጮ ሽታ መንገዱን ይሞላዋል። ያን ጊዜ ገጠሩ ከነጓሮው ወደ ከተማ የገባ ይመስላል።

ፊቼ ጨምበላላ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል ነው። ፊቼ የዋዜማው ምሽት፣ ጨምበላላ ደግሞ የማግሥቱ፣ ማለትም የአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን መጠሪያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር በናሚቢያ ዋና ከተማ በዊንድሁክ ባደረገው ጉባዔ በዓሉን በማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ከኢትዮጵያ በዓላት ከመስቀል ቀጥሎ በዚህ መዝገብ የሰፈረ ሁለተኛው ነበር። ስለ አደባባዩ ክብረ በዓል ከዚያ ወዲህ ብዙ ተነግሯል፤ ብዙም ተጽፏል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የአደባባዩን ሳይሆን የጓዳውን ነው። ከገጠር ወጥቶ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ወጣት ቤተሰብ፣ ላም በሌለበትና የእንሰት ጓሮ በሌለበት ግቢ ውስጥ፣ ይህን የላምና የእንሰት በዓል እንዴት አድርጎ ያከብረዋል?

እንዲህ ያለው ቤተሰብ በሐዋሳ አንድና ሁለት አይደለም። በተለይም የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከተመረቀ ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ አብዛኞቹም ሴቶች፣ ከየወረዳው መጥተው በልብስ ስፌት ሥራ ተሰማርተዋል። ከብዙዎቹ ቤተሰቦች መካከል አንዱን በዓይነ ሕሊናችን እንከተል። ሚስት ከሁላ ወረዳ፣ ከሀገረ ሰላም አካባቢ የመጣች የስፌት ሠራተኛ ናት፤ ባል ባጃጅ ይነዳል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ታላቂቱ ስድስት ዓመት ሞልቷታል፣ ታናሹ ገና ሦስተኛውን መያዙ ነው። የሚኖሩት በታቦር ክፍለ ከተማ፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የውሃ ቧንቧ በሚጠቀምበት ግቢ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው ነው። ከጎናቸው የወላይታ ተወላጆች ይኖራሉ። ፊት ለፊታቸው ጉራጌው ባለሱቅ ከነቤተሰቡ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ ከሰሜን መጥተው በዚያው ያረጁ አንድ እናት አሉ። ልጆቹ «እማማ» እያሉ የሚጠሯቸው እኒህ እናት የግቢው ታላቅ ናቸው።

የመጀመሪያው ጭንቀት ቀኑ ነው። የፊቼ ቀን እንደ ገና ወይም እንደ እንቁጣጣሽ አስቀድሞ በታወቀ ዕለት አይውልም። አያንቶ የሚባሉ የሰማይ አዋቂዎች የከዋክብትንና የጨረቃን አካሄድ ተመልክተው ቀኑን ይወስናሉ፤ ውሳኔያቸውም ለየጎሳው ይነገራል። የሲዳማ ባህላዊ ሳምንት ራሱ አራት ቀን ብቻ ያለው ነው፤ ድኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶና ቀዋላንካ ይባላሉ። በዚህም የተነሣ በዓሉ በተለመደው የቀን አቆጣጠር ሲታይ ከዓመት ዓመት ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቱን ይለዋውጣል። በ2010 ዓ.ም. በሰኔ ወር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. በመጋቢት ውሏል። በክረምት በሚውልባቸው ዓመታት ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ የልጆቹ ደስታ እጥፍ ይሆናል። ለእናቶቹ ግን ክረምት ማለት ጭቃና ርጥብ እንጨት ነው።

ከዋክብትን ተከትሎ የሚመጣ በዓል ለገበሬ አያስቸግርም። ገበሬ ሥራውን አስቀድሞም ሆነ አዘግይቶ ማሰናዳት ይችላል። የስፌት ፋብሪካ ፈረቃ ግን ሰባት ቀን ባለው ሳምንት የተደለደለ ነው። በስፌት መሥመር አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ ሁለተኛዋ አንገትጌ፣ ሦስተኛዋ ቁልፍ፤ አንድ ወንበር ባዶ ከሆነ የቀጣዮቹ ሥራ ይጓተታል። ስለዚህ ወጣቷ እናት ቀኑ እንደ ተነገረ የመጀመሪያ ሥራዋ ፈረቃ የምትቀያየራት ጓደኛ መፈለግ ነው። በመስቀል ሰሞን የሠራችላት ጉራጌ ባልደረባ ካለች ውለታው በዚህ ይመለሳል። ይህን ዓይነቱን መደጋገፍ ማንም በደንብ አልጻፈውም፤ የከተማው በዓል ግን ብዙውን ጊዜ የሚሳካው በእርሱ ነው።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚመጣው የቡርሳሜ ጉዳይ ነው። ቡርሳሜ የፊቼ ምግብ ነው፤ ያለ እርሱ ፊቼ የለም። የሚዘጋጀው ከእንሰት ከሚገኘው ቆጮ (በሲዳምኛ ዋሳ)፣ ከቅቤና ከወተት ነው። ዋሳው ውሃው ተጨምቆ፣ ቃጫው ተለቅሞ ይበስልና በተነጠረ ቅቤ ይታሻል፤ ቅቤው ካልበዛ ባለቤቲቱ ትታማለች። የሚቀርበውም ሻፌታ በሚባል ሰፊ የሸክላ ገበታ ነው፤ ዙሪያውን ተከቦ በአንድነት ይበላል።

የበዓሉ አመጣጥም ከዚሁ ገበታ ጋር የተያያዘ ነው። አባቶች ሲያወርዱት በመጣው አፈ ታሪክ መሠረት፣ አንዲት የሲዳማ ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ለመጠየቅ ትመጣ ነበር። በመጣች ቁጥር ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፤ ቡርሳሜውንም ጎረቤት ተጠርቶ በአንድነት ይበላው ነበር። በዓሉ የእርሷ መታሰቢያ ነው ይባላል። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንዲል እንፈልጋለን። በአፈ ታሪኩ ውስጥ ምግቡን የተሸከመችው ልጅ ናት፤ የጉዞው አቅጣጫ ከልጅ ቤት ወደ እናት ቤት ነበር። በዛሬዪቱ ሐዋሳ፣ ቢያንስ እንደዚህ ባለው የኪራይ ግቢ፣ መንገዱ ተገልብጧል። ልጅቱ ደመወዝ እንጂ እንሰት የላትም። ዋሳውን በኮባ ጠቅልለው፣ ቅቤውን በዕቃ ይዘው፣ ከሀገረ ሰላም በአውቶቡስ ተሳፍረው የሚመጡት እናትየዋ ናቸው።

በጉዞው ውስጥ የተሸከሙት የአንድ ሰሞን ሥራ አይደለም። እንሰት እንደ በቆሎ ዘንድሮ ተዘርቶ ዘንድሮ የሚታጨድ ተክል አለመሆኑ የታወቀ ነው። ከእናት ተክል ሥር ችግኙ ይፈላል፤ ይነቀላል፣ ይተከላል፣ ቦታ ይለወጥለታል፣ በከብት ፍግ ይደልባል። ለመብል እስኪደርስ እንደ አየሩ ጠባይ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ያህል ይፈጃል። እንደ ሁላ ባለው ደጋ ደግሞ ከወይና ደጋው ይዘገያል። እንግዲህ ስድስት ዓመት የሞላት ልጅ በፊቼ ምሽት የምትበላው ቡርሳሜ፣ አያቷ እርሷ በተወለደችበት ዓመት ገደማ ከተከሉት እንሰት የተገኘ ነው ማለት ነው። እኩዮች ናቸው።

ከተቆረጠ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ግንዱ ተሰንጥቆ በሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፤ ሥሩ (አሚቾው) ይከተከታል። ከፍቁ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ ቃጫው ለገመድ ይደርቃል። የተፋቀው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይቀበራል፤ በየጊዜው እየተገለጠና ቅጠሉ እየተለወጠ ለሳምንታት፣ ከዚያም ለወራት እንዲብላላ ይደረጋል። ለዓመት በዓል የሚሆነው ዋሳ ጥሩ የበሰለና የነጣ መሆን ስላለበት አስቀድሞ ይታሰብበታል። አንዲት ሴት ይህን ሥራ ብቻዋን አትዘልቀውም፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ዛሬ በአንዷ ጓሮ፣ ነገ በሌላዋ ይሠራል። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ግንድ መፋቅ ወገብና ትከሻ ይፈጃል። መፋቂያና መጭመቂያ መሣሪያ ለመሥራት የምርምር ተቋማት ሞክረዋል፤ ይሁንና በብዙ የገጠር ጓሮ ዛሬም የሚታየው ያው ሳንቃና ቀርከሃ ነው።

ልጅቱ ይህን ሥራ ታውቀዋለች ወይ? በልጅነቷ አይታዋለች፤ ቅጠል አቀብላለች፤ ጉድጓድ ሲሞላ ረግጣለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ግን ወደ ከተማ መጣች። ሸሚዝ ያለ ጥፋት ትሰፋለች፤ የትኛው እንሰት ለቆጮ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለቃጫ እንደሚሻል ግን እንደ እናቷ አትለይም። የሲዳማ ሴቶች የእንሰት ዓይነቶችን በየስማቸው ለይተው የሚያውቁ መሆናቸውን የግብርና ተመራማሪዎች በአድናቆት ይናገሩታል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ሳይሆን በጓሮ ውስጥ ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ ልጅ ከጓሮው ስትርቅ እርሱም ይርቃል።

የእንሰቱ ነገር ከተነሣ በሽታውን አለማንሣት አይቻልም። እንሰት ወደ 20 ሚሊዮን ለሚጠጋ የኢትዮጵያ ሕዝብ ምግብ ወይም የምግብ ዋስትና ነው። ይህን ተክል ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ በሽታ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በእንሰት ላይ መታየቱ በሳይንስ ጽሑፍ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የመሐከለኛው ቅጠል ይጠወልጋል፣ ወደ ቢጫነት ይለወጣል፣ ግንዱ ሲቆረጥ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘለትም። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ዋና አሻጋሪው የገበሬው የራሱ ቢላዋና መቁረጫ ነው። የታመመ እንሰት የተቆረጠበት ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ጤነኛውን ከነካ ያስተላልፈዋል። የታመመውን ተክል ከነሥሩ ነቅሎ መቅበር፣ ከብት እንዳይበላው መጠበቅ፣ ችግኝ ከማይታወቅ ጓሮ አለማምጣት፤ የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የሚሰጡት ምክር በጥቅሉ ይኸው ነው። ምክሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስድስት ዓመት ያሳደጉትን ተክል ገና ግማሽ ጎኑ ለምልሞ እያለ ነቅሎ መቅበር ለአንዲት የደጋ እናት ቀላል ነገር አይደለም፤ ለከተማ ልጇ ፊቼ የታሰበው ሊሆን ይችላላ!

የቅቤው ወጪ የባልየው ድርሻ ነው። ለበዓል ሰሞን የቅቤ ዋጋ የሚንር መሆኑን ለማንም መንገር አያስፈልግም፤ የባጃጅ ነጂው በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ ከወዲሁ ያስቀምጣል። ከከተማ ገበያ የሚገዛ ቅቤ ደግሞ ባዕድ ነገር ይቀላቀልበታል የሚል ሥጋት አለ። አማቱ ከገጠር ይዘውት የሚመጡት ትንሽ ዕቃ ቅቤ ለዚህ ነው የሚከበረው። የተገዛው ለመታሻ ሲውል፣ የአማት ቅቤ ለልጆቹ ራስ ይቀመጣል።

የፊቼ ምሽት ደረሰ እንበል። በገጠሩ ልማድ በደጁ ላይ ከርጥብ ቀርከሃና ከለምለም ቅጠል ሁሉቃ የሚባል ቅስት ይሠራል። ቤተሰቡ በታላቅነቱ ተራ በሥሩ ያልፋል፤ ከብቶቹም ያልፋሉ። ከአሮጌው ዓመት ወደ አዲሱ መሻገሪያ በር መሆኑ ነው። በኪራይ ግቢ ውስጥ ቀርከሃ የሚተከልበት መሬት ሲሚንቶ ነው። ስለዚህ ባልየው ሁለቱን ቅርንጫፍ በአሸዋ በተሞላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አቁሞ ጫፍና ጫፉን ያስረዋል። አያት ይቀድማሉ፤ አባትና እናት ይከተላሉ፤ ታናሹ በአባቱ ትከሻ ላይ ያልፋል። ላሟስ? ብላ ስድስት ዓመቷ ልጅ ትጠይቃለች፤ ላም ታልፋለች ሲባል ሰምታለችና። ለዚህ ጥያቄ በከተማ ውስጥ አጥጋቢ መልስ የለም። ባጃጁን ገፍቶ በሥሩ ለማሳለፍ የሚሞክር አባት ቢኖር ግን አይፈረድበትም፤ ወተቱም ቅቤውም ከእርሷ ነውና የሚገኘው።

በዚህ በዓል ሥጋ የለም። ከብቱም የበዓሉ ተካፋይ ነው ስለሚባል እርድ አይፈጸምም፤ ከብት አይመታም፤ ለአዲሱ ዓመት ተብሎ ወደ ተጠበቀ ለምለም ግጦሽ ይለቀቃል፤ ለምለም ዛፍም አይቆረጥም። ይህ ነገር በፋሲካና በገና ከበግ ዋጋ ጋር ሲታገል ለሚከርም ወጣት አባወራ ትንሽ ዕረፍት እንደሚሰጠው አንዘነጋውም።

በገጠር ጎረቤት በአካባቢው ታላቅ ሰው ቤት ተሰብስቦ ይበላና ከዚያ ቤት ለቤት ይዞራል። ስፋት ያለው የሸክላ ሻፌታ ግን በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ማስቀመጫ አይገኝለትም። ከሌለ ከዘመድ ይዋሱታል፤ እርሱም ካልተገኘ ሰፊ ትሪ ያገለግላል። ገበታው በግቢው መካከል ይወጣል። የግቢው ታላቅ እማማ ስለሆኑ መጀመሪያ የሚቆርሱት እርሳቸው እንዲሆኑ ይደረጋል፤ የተወለዱበት አገርም ሆነ ሃይማኖታቸው አይጠየቅም። እማማ ኮባን የሚያውቁት ለድፎ ዳቦ መጋገሪያ ብቻ ነበር፤ ሐዋሳ ከኖሩ ወዲህ ውስጡን መብላት ተምረዋል። ባለሱቁና ሚስቱ ስለ ቆጮ ከማንም የሚማሩት የለም፤ በጉራጌ ቆጮና በሲዳማ ዋሳ መካከል የትኛው ይጣፍጣል የሚለው ክርክር ግን በየዓመቱ ይነሣል፤ በየዓመቱም ሳይቋጭ ያድራል። ወላይታዋ ጎረቤት በበኩሏ እንሰት በእኛም አገር አለ ትላለች፤ በመስከረም የጊፋታን በዓል ስታከብር ደግሞ ተራው የእርሷ ይሆናል።

ይህ የገበታ ወዳጅነት እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ልክ በዚሁ በዓል ሰሞን፣ በሐዋሳ በተቀሰቀሰ ብሔር ተኮር ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ ንብረት ወድሟል፤ ቤታቸውን ጥለው የተፈናቀሉም ጥቂቶች አልነበሩም። ጎረቤት ከጎረቤት የተፈራራበት፣ በሩን ዘግቶ ያደረበት ፊቼ ነበር። በዚያው ጊዜ ጎረቤቱን ሸሽጎ ያሳደረም በየመንደሩ አልጠፋም። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ያን ጊዜ አልተጋቡም፤ እማማ ግን ያስታውሱታል። ስለዚህም በየዓመቱ ያችን የመጀመሪያ ጉርሻ ከሲዳማዋ ወጣት እጅ ሲቀበሉ፣ ወላይታዋም ከጎናቸው ስትቀመጥ፣ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ለነገሩ ሌላ ክብደት ይሰጠዋል። በዓሉ ራሱ የታረቀ ሰው በዓል ነው፤ የተጣላ ሳይታረቅ ከሻፌታው እንዳይቀርብ ሽማግሌዎች አጥብቀው ይመክራሉ።

ጨምበላላ የልጆች ቀን ነው። ጎሕ ሲቀድ ልጆች «አይዴ ጨምበላላ!» እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቶቹም «ኢሌ ኢሌ!» ብለው ይመልሳሉ፤ ከዓመት ዓመት ያድርሳችሁ ማለታቸው ነው። ቡርሳሜ ይቀርብላቸዋል፤ ራሳቸውን ቅቤ ይቀባሉ። ቅቤው በግንባራቸው እየወረደ፣ አዲስ ልብሳቸውን እያበላሸ ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣሉ። የቡሄን ሆያ ሆዬ ለሚያውቅ የከተማ ልጅ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በደጅ ቆሞ መዘመርና የደጁን ሰው በረከት ተቀብሎ መሄድ የሁሉም መንደር ልማድ ነው። በሐዋሳ የሚታየው ልዩነት ከሚዞሩት ልጆች መካከል የሲዳማ ልጅ የትኛው፣ የጉራጌ የትኛው እንደሆነ በቅቤ ከወዛው ፊታቸው መለየት ማስቸገሩ ነው። የባለሱቁ ልጅ «አይዴ ጨምበላላ» ሲል ከማንም ጎልቶ ይሰማል፤ ሱቁ ውስጥ ሲጣራ የለመደበት ድምፅ ነው።

እናት በዚህ ጠዋት ሌላ ሥራ አለባት። የልጅቱን ፀጉር ትሠራለች። የሹሩባው አሠራር ለልጃገረድ፣ ላገባች ሴት፣ ለእናት እየለየ የሚሄድ ጥበብ ነው። የዩኔስኮ መዝገብ ሳይቀር ሴቶች ከቡርሳሜ አዘገጃጀት ጋር ለሴት ልጆቻቸው የሚያስተላልፉት ዕውቀት መሆኑን ጠቅሶታል። እዚህ ላይ የስፌት ሠራተኛዋ እጅ አይታማም። አያት ከጎን ተቀምጠው መሥመሩን በጣታቸው ያሳያሉ፤ ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ሹሩባው ይጠብቃልና።

ከቀትር በኋላ ሁሉም ወደ ጉዱማሌ ይጓዛል። ጉዱማሌ በሐዋሳ የሲዳማ ሕዝብ ለዚህ በዓል የሚሰበሰብበት ሜዳ ነው። ከየወረዳው በፈረስ፣ በእግርና በመኪና የመጣው ሕዝብ በየጎሳው እየሆነ ይገባል። አዛውንቱ ጋሻና ጦር ይዘው ቄጣላውን ሲያወርዱ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ወጣቶቹ በፋሮ፣ ልጃገረዶቹ በሆሬ ይተካሉ። የጎሳ መሪዎችና ሽማግሌዎች ምክር ይሰጣሉ፤ ጠንክሮ መሥራት፣ ታላላቅን ማክበርና መጦር፣ አገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥ፣ ከልመና፣ ከስንፍና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት መራቅ።

የዛፉ ምክር ለሐዋሳ ነዋሪ ባዶ ቃል አይደለም። ከከተማዋ በስተምሥራቅ የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ከተራቆተው ተዳፋት በጎርፍ ተጠርጎ በመጣ ደለል ተሞልቶ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ከዚያ ረግረግ የሚነሣው የጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባው ደግሞ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚሰፋው ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው በጉዱማሌ ቆሞ ዛፍ አትቁረጡ ሲል፣ ሐይቁ ከጀርባው ሆኖ ይሰማል።

ወጣቱ ቤተሰብ ግን በጉዱማሌ ብዙ አይቆይም። ታናሹ ይደክመዋል፤ ጫማውም አንዱ ጠፍቷል። ባልየው ልጁን ታቅፎ፣ ሚስት የእናቷን ክንድ ይዛ፣ ልጅቱ ሹሩባዋን በነጠላ ጫፍ ሸፍና ወደ ቤት ይመለሳሉ። ማታ በትሪው ላይ የተረፈው ቡርሳሜ ይሞቃል። እናትየዋ በማግሥቱ ወደ ሁላ ሊመለሱ ነውና በኮባው ፋንታ የሚይዙት ስኳር፣ ሳሙናና ከፋብሪካው ሱቅ በቅናሽ የተገዛ አንድ ሹራብ ይሰናዳል። ለዚያ ምሽት ግን ዋናው ጨዋታ ሌላ ነው። ልጅቱ ትምህርት ሲዘጋ አያቷ ዘንድ ሄዳ እንድትከርም ስምምነት ላይ ተደርሷል። አያት ለእርሷ ብለው የለዩት አንድ ፈሊ ችግኝ እንዳለ ነግረዋታል። ራሷ ትተክለዋለች፣ ራሷ ፍግ ታለብሰዋለች። መቼ ይደርሳል ብላ ስትጠይቅ፣ አያት በጣታቸው ቆጥረው፣ አንቺ አሥራ ሁለት ሲሞላሽ ይሏታል። ልጅቱ ይህ በጣም ሩቅ ነው ስትል፣ ከንግግሩ መካከል ባትኖርም በሩ ላይ ቆማ የሰማችው ወላይታዋ ጎረቤት እርሷም የምትልከው ልጅ እንዳላት አስታውቃ፣ ሁለት ችግኝ እንዲፈለግ ጠይቃለች።